ከዛፉ እስከ ሲኒው፦ ቤተሰብን ይዞ በጅማ ደን፣ ወንዝና ካፌ ለመዝናናት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ጅማን የሚጎበኝ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደክሞት ይገባና ካፌ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ በማግስቱ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ገበያ ወጥቶ ጥሬ ቡና ይሸምታል፣ ከዚያም ይመለሳል። ቡናው የበቀለበትን ጥላና የታጠበበትን ውሃ ሳያይ ስለሚሄድ፣ በተለይ ልጆቹ ከጅማ ይዘው የሚመለሱት ትዝታ የመኪና መስኮትና የሆቴል ምግብ ብቻ ይሆናል። እኔ የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው፤ በየዓመቱ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶቼን ከነልጆቻቸው ይዤ ስወጣ የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ እንደሚሻል ነው፦ በመጀመሪያ ደኑ፣ ቀጥሎ ወንዙ፣ በመጨረሻ ካፌው። ልጅ ቀይ እሸት ቡና ከቅርንጫፍ ላይ በጣቱ ቀጥፎ ከቀመሰ በኋላ የእናቱን ሲኒ የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው።

አንደኛ፦ ወሩን ከቡናው ጋር ማስማማት

ጅማ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናት፤ ይሁንና ለቤተሰብ ጉዞ ሁሉም ወር እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚመረጠው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ቀንሶ የገጠሩ መንገድ ይደርቃል፣ ወንዞቹ ከክረምቱ ሙላት ይጎድላሉ፣ ቡናውም ቀልቶ ለቀማው ይጧጧፋል። ተማሪ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የገና ሰሞን ከዚህ ወቅት ጫፍ ጋር ይገጥማል፤ ለቀማው እያለቀ ቢሆንም በየግቢው የተሰጣ ቡና አይጠፋም።

ሁለተኛው ምርጫ የካቲትና መጋቢት ነው። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የቡናው ቅርንጫፍ በአንዴ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ላለ ሰው እንኳን ይደርሳል። አበባው ግን የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ቆርጦ መምጣት አይቻልም፤ ያገኘ ቤተሰብ እንደ ስጦታ ይቁጠረው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደኑ እጅግ ያማረ ቢሆንም ጭቃው፣ የወንዙ ሙላትና ጉንዳኑ ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚቻሉ አይደሉም። ጅማና አካባቢዋ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባቸው ናቸውና ጉዞው ከረመዳን ጋር ከገጠመ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ላይ እንደሚዘጉ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለማፍጠሪያ ሰዓት ከተማዋ የምታሳየው ሙቀት ግን ለልጆች ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፦ ቀን መቁጠር፣ ቦታ መቀነስ

አምስት ቀን ይመድቡ፦ አንዱ ለመምጫ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስቱ ለጅማ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዋና ቦታ ብቻ ይስጡ። ይህ ስስት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ ከነልጆችዋ መጥታ ሳለ በሁለት ቀን ውስጥ አጋሮን፣ በለጤንና ቦንጋን ላሳያት ተነሳሁ፤ የአምስት ዓመቷ ልጅ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስመለሳት፣ ታላቅየው ደግሞ ደኑ ስንደርስ ተኝቶ ነበር። ዛሬም ድረስ ልጅቷ ስለዚያ ጉዞ የምታስታውሰው የመኪናውን ሽታ ነው። ቦንጋ ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የቡና ሙዚየሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር (ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ) እና ፏፏቴዎቹ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባቸዋልና ለሌላ ዓመት ይተውት።

ሦስተኛ፦ መንገዱ

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ቤተሰብ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሸለቆውን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ አበልቲ ይወጣል፤ ከዚያ በሳጃ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማ ይደርሳል። ከመነሳትዎ በፊት በመንገዱ የሚመላለሱ ሰዎችን ስለ ጸጥታውና ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስተው በቀን ብርሃን መግባትን ያቅዱ፤ ሌሊት አይንዱ።

ቁርሱን ወሊሶ ላይ ይብሉ። ከወልቂጤ በኋላ ያለው የጊቤ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ ሆዱን የሞላ ልጅ ይዞ መውረድ አይመከርም። የሚያቅለሸልሸው ልጅ መሃል ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት እንዲያይ ያድርጉ፤ ስልክ ላይ እንዲያቀረቅር አይፍቀዱለት። ወደ ጅማ ሲቃረቡ የሚታየው ሰፊ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ነው፤ ግድቡ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከደን ውስጥ የሚወጡ ቀጫጭን ምንጮች ተሰባስበው ምን እንደሚሆኑ ለልጆቹ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በአውሮፕላን ለሚመጣ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሆኖም ለደኑና ለወንዙ ቀን መኪና ከነሾፌሩ መከራየት ይኖርበታል።

አራተኛ፦ የሚያዝ ነገር

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ካልሲ፣ ቀላል የዝናብ ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ኦ አር ኤስ፣ የቁስል ማሰሪያ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትና የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ ይበቃል። ሽቶ ቤት ይቅር፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ። የሆቴሉ አልጋ አጎበር እንዳለው ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን ለደኑ

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በአጋሮ መስመር ያለው የጎማ ወረዳ ነው፤ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአጋሮ ብዙም የማይርቀው ጮጬ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ ያየው እረኛ ታሪክ የሚነገርበት ቀበሌ ነው፤ የከፋ ሰዎችም ይህንኑ ታሪክ ለራሳቸው ይተርኩታል። ክርክሩን ለልጆች መንገር ጥሩ ነው፤ አከራካሪ ያልሆነው ደግሞ አረቢካ ቡና ዱር በቀል ሆኖ የሚገኝበት ዋናው መገኛ ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ነው። በጎማ የሚያዩት ግን በአብዛኛው በገበሬ እጅ የተያዘ የጥላ ቡና እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ደን አይደለም፤ ከሰባት ዓመት በታች ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ አያት ይዞ ለመጣም፣ የምመርጠው ይህንን ነው፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ደክሞት የሚቀመጥ ሰውም በየደጁ ጎረቤት ያገኛል።

ሁለተኛው በቦንጋ መስመር ሰቃ ጨቆርሳን አልፎ ወደ ሸቤ ሲሄዱ የሚገኘው የበለጤ ደን ነው፤ ከጅማ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እዚህ ዝግባው፣ ቀረሮው፣ ዋንዛውና ሳሳው ላይኛውን ጣራ ሠርተው፣ የጫካ ቡናው ከሥራቸው በጥላ ይበቅላል፤ ኮረሪማም በመሬቱ ላይ ይገኛል። ጉሬዛ ለማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ከጅማ ሳይረፍድ መነሳት አለበት፤ ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ቅጠል ይበላሉ፣ ቀትር ላይ ግን ይሰወራሉ። ልጆቹን ቁጭ አድርገው አሥር ደቂቃ ዝም እንዲሉ ያድርጉ። መጀመሪያ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ቀጥሎ ረጅሙ ነጭ ጅራት ይታያል። ሮጦ የሚሄድ ቤተሰብ ጉሬዛን አያይም።

ወደ ደኑ የሚገባበት ሥርዓት አለ። ባዶ የሚመስለው ደን ባለቤት አለው፤ በበለጤና ጌራ አካባቢ «ዋቡብ» በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት የተደራጁ አርሶ አደሮች ደኑን እየጠበቁ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ቀበሌው ጋ ወይም መንገድ ዳር ካሉት ሽማግሌዎች ዘንድ ቆመው ሰላምታ ይስጡ፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመርና «ገለቶማ» ብሎ መጨረስ የሚከፍተው በር ብዙ ነው። የመጡበትን ምክንያት ይንገሩ፣ መንገድ የሚመራ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ፣ ዋጋውንም ከመግባትዎ በፊት በግልጽ ይስማሙ። ያለ መሪ አይግቡ፤ ደኑ ውስጥ መንገዱ በየመቶ ሜትሩ ይከፈላል፣ የስልክ መስመርም አይታመንም።

ከመግባትዎ በፊት ልጆቹ ሦስት ነገር ይወቁ። አንደኛው ሳማ ነው፤ መሪው ቅጠሉን እንዲያሳያቸው ይጠይቁ፣ ካወቁት አይነኩትም። ሁለተኛው ጉንዳን ነው፤ ዝናብ በጣለ ሰሞን መንገዱን እንደ ጥቁር ገመድ ያቋርጣል፣ ቆም ብሎ አይቶ መዝለል እንጂ ረግጦ መቆም አይገባም፤ ሱሪን በካልሲ ውስጥ መክተት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ነው። የጅማ ማር የሚገኘው ከእነዚህ ከፍ ብለው ከተሰቀሉ ቀፎዎች ነው፤ ከሥራቸው መጮህ፣ ድንጋይ መወርወርና ሽቶ ተቀብቶ መቆም ንብ ያስቆጣል።

የቀኑ ዋና ሥራ ለቀማው ነው። የቡናውን ባለቤት አስፈቅደው ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ቅርጫት ወይም ሰፌድ ይስጡና ቀይ ቀዩን ብቻ እንዲለቅም ይንገሩት፤ አረንጓዴው ይቆይ። የለቀመውን ለባለቤቱ ያስረክብ፤ መውሰድ ከፈለጉ ገበሬው በተናገረው ዋጋ ይክፈሉ። አንዱን ፍሬ ፈልፍለው ያቅምሱት፤ ልጣጩ ይጣፍጣል፣ ውስጡ ሁለት ፍሬ ጀርባ ለጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ተገጣጥመው ተኝተዋል። ከዚያ ሒሳቡን ይንገሩት፦ አንድ የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘትም ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና መልቀም ያስፈልጋል። ለአንድ ሰዓት የለቀመ ልጅ የቅርጫቱን ጥልቀት አይቶ ይህን ቁጥር በራሱ ይገነዘበዋል።

ምሳ ይዘው ቢሄዱ ይመረጣል። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ከጅማ ገበያ የተገዛ አቮካዶ ይበቃል፤ ፌስታልና ላስቲክ ይዘው ይመለሱ። ጦጣና ዝንጀሮ ምግብ አይስጧቸው፤ የለመደ ዝንጀሮ በኋላ የገበሬውን በቆሎ ይጨርሳል።

ስድስተኛ፦ ሁለተኛው ቀን ለወንዙ

ስለ ወንዝ ስጽፍ ከደስታው በፊት ጥንቃቄውን አስቀድማለሁ፤ ልጅ የያዘ ሰው ይህን ሳያውቅ ውሃ ዳር መውረድ የለበትምና።

በቡና አገር ወንዝ የራሱ ወቅት አለው። በለቀማው ወራት እሸቱ ቡና በማጠቢያ ጣቢያ ልጣጩ ይገፈፋል፣ በገንዳ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ይብላላል፣ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ የወጣው ፍሳሽ በደንብ ካልተጣራ ወደ ወንዝ ገብቶ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ያከረፋዋል፣ የገባበትንም ሰው ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከመጡ ሁልጊዜ ከማጠቢያው በላይ ያለውን የወንዙን ክፍል ይምረጡ፤ የት እንዳለ ማንኛውም የአካባቢው ሰው ያሳይዎታል። ጣቢያውን ራሱን ግን ቢያስጎበኙ ደስ ይለኛል፤ ባለሙያዎቹ ከፈቀዱ ልጆቹ ቡናው በገንዳው ውስጥ ሲንሸራተትና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲገላበጥ ያያሉ፤ ትናንት በደኑ የቀጠፉት ፍሬ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ማየታቸው ነው።

ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሣር የበዛበት፣ ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣ የሚታይበት ውሃ ውስጥ ማንንም አያስገቡ፤ ቢልሃርዚያ በጅማ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው፣ የሚተላለፈውም ቆዳን ዘልቆ በሚገባ ጥገኛ ትል ነው። ከተማዋን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው አዌቱ ለከተማዋ ውበት ቢሆንም የከተማ ፍሳሽ ስለሚገባበት ልጅ እግሩን እንኳን አይንከርበት። ሌላው ደራሽ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ፀሐይ በሆነበት ቀትር ጅረት ዳር ምግብ ዘርግተን ሳለ ውሃው በድንገት ቀላ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ፤ ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ላይ ስንወጣ የተቀመጥንበት ድንጋይ ተሸፈነ። ዝናቡ የጣለው እኛ ያላየነው ኮረብታ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ የውሃው መልክ ከተለወጠ ወይም ድምፁ ከጨመረ ዕቃ ሳይሰበስቡ ልጅ ይዞ መውጣት ነው።

ታዲያ የት ይሄዳል? ለቤተሰብ የምመርጠው ትልልቁን ወንዝ ሳይሆን ከደን ውስጥ የሚወጣውን ጅረት ነው። በበለጤ በኩል ከዋለ ቤተሰብ ጋር መሪው በማግስቱም ቢመጣ፣ ጉልበት የማይደርስ፣ በድንጋይ ላይ እየተፍለቀለቀ የሚወርድ ውሃ ያሳያችኋል። ልጆች ጫማ አድርገው ድንጋይ ለድንጋይ ይራመዱ፣ የቅጠል ታንኳ ይስደዱ፤ ሁለት አዋቂ ከታችና ከላይ ይቁም። ጎጀብንና ዴዴሳን ግን ከድልድይ አጠገብ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ወደ ማታ ከተማ ዳር ያለው የቦዬ ረግረግ ለመመለሻ ይመቻል። የውሃ ወፎች ብዙ ናቸው፤ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ከውሃ ስለሚወጣ፣ በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከርቀት፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው ይዩ፤ ትንኙ ሳይበዛም ይመለሱ።

ሰባተኛ፦ ሦስተኛው ቀን ለከተማዋና ለካፌው

ጠዋቱን በጅሬን ኮረብታ ይጀምሩ። ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት እዚያ ነው፤ ከሰገነቱ ጅማ በሙሉ ትታያለች። ለጉብኝት ክፍት መሆኑን በዋዜማው ይጠይቁ። በከተማው ሙዚየም የንጉሡ መገልገያዎች አሉ፤ ልጆች ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራውን የጅማ በርጩማ ጥበብ ገበያ ላይ ቢያዩት ይበልጥ ይገባቸዋል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ የድሮው የሂርማታ ገበያ ቀን ነውና አያምልጥዎ።

ከዚያ ካፌ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቡናው እዚያው የሚቆላበትን ቤት ይምረጡ፤ በር ላይ ሲደርሱ የተቆላ ቡና ሽታ ካልተቀበለዎት ይለፉ። ጠዋት ማኪያቶ ደስ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ቄጤማ የተጎዘጎዘበት፣ ረከቦት የተደረደረበት የጀበና ቡና ይሻላል፤ አቦልን ጠጥተው አይነሱ፣ ቶናና በረካ እስኪመጣ ይቀመጡ። ለልጆች ስፕሪስ ወይም የአቮካዶ ጭማቂ ይዘዙ፤ ቁርስ ላይ ከሆነ በማር የተለወሰ ጨጨብሳ ይስጧቸው። ልጆቹ ቡናውን ቀማሽ ሳይሆኑ ተራኪ ይሁኑ፦ ይህ ሲኒ ውስጥ የገባው ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ውሃ አልፎ እንደሆነ እነሱ ለአያታቸው ይንገሩ። በአንዳንድ ገጠር ቤት «ቡና ቀላ» የሚባለው በቅቤ የተጠበሰ ቡና ከቀረበላችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ ይህ በኦሮሞ ባህል የክብርና የምርቃት ምግብ ነው።

ስምንተኛ፦ ቡና መግዛትና ቤት መግባት

ጥሬ ቡና የሚገዛው በመጨረሻው ቀን ነው፤ በጭነት ውስጥ እርጥበት እንዳያገኘው። እፍኝ ዘግነው ይሽተቱት፤ የሻገተ ሽታ፣ ጥቁርና የተበሳ ፍሬ ካለው ይመልሱት። በጥርስ ሲነክሱት ጥልቅ ብሎ ከገባ አልደረቀም ማለት ነው። የታጠበው ጠራ ያለ፣ ያልታጠበው ከነጀንፈሉ የደረቀው ደግሞ ወፈር ያለ ጣዕም አለው፤ ከሁለቱም ግማሽ ኪሎ ወስዶ ቤት ማወዳደር እመክራለሁ። በጨርቅ ከረጢት ይያዙት፤ ላስቲክ ውስጥ አያፍኑት።

ቤት እንደገቡ በመጀመሪያው እሑድ ቡናውን እናት ወይም አያት ትቁላው፤ ፍሬው ማብረቅረቅ ሲጀምርና ጭሱ ሲነሳ ምጣዱን ልጁ ብቻውን ስለማይችለው፣ በደን ውስጥ የለቀመው ልጅ ከእናቱ ጋር እጀታውን ይዞ ለተሰበሰበው ቤተሰብ በየተራ እያቀረበ ያሽትት፤ እያንዳንዱም ሰው ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ይመርቀው።